የማትቆጠር እናት

አክስቴ ዘር ሲቆጥሩ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ቡናው ከአቦል ወደ ቶና ተሻግሯል። በመስኮቱ የማርቲን ሉተር ኪንግ ጎዳና ይታያል፤ ባቡሩ ኦቴሎ ጣቢያ በደረሰ ቁጥር ደወሉ ቤት ድረስ ይሰማል። እሳቸው ግን ያሉት ጎጃም ነው። የአባታቸውን ስም ይጠሩና አንድ ጣት ያጥፋሉ፤ የአያታቸውን ይጠሩና ሌላ ጣት ያጥፋሉ። ከእያንዳንዱ ወንድ ስም ቀጥሎ እናቱን ያነሣሉ፤ የማን ልጅ እንደሆነች፣ ከየትኛው ደብር እንደመጣች፣ አንዳንዴም ለሰርጓ ስንት ሰንጋ እንደታረደ ሳይቀር። እኔ ከፊታቸው ተቀምጬ፣ ከቤተ መጻሕፍት ከተዋስኩት የቤተሰብ ታሪክ መመሪያ ላይ ፎቶ ኮፒ ያደረግሁትን ቅጽ እሞላለሁ።

ነገሩን የጀመረችው የእህቴ ልጅ ናት። ትምህርት ቤት "የቤተሰባችሁን ዛፍ ሥሩ" ተብላ መጣች። የተሰጣት ወረቀት የሚይዘው ሦስት ትውልድ ብቻ ነበር። እኔ ግን የዶክትሬት ተማሪ ነኝና ቀላሉን ነገር ማክበድ ልማዴ ሆኗል፤ ወረቀቷን ወደ ጎን አድርጌ ትልቁን ቅጽ አመጣሁ።

ቅጹ እንዲህ ነው፦ አንድ ሳጥን ለራስ፣ ሁለት ለወላጆች፣ አራት ለአያቶች፣ ስምንት ለቅድመ አያቶች፤ በየደረጃው እጥፍ እየሆነ ይሄዳል። አክስቴ በጣታቸው ሰባት ቤት ሲቆጥሩ ሰባት አባቶችን ይጠራሉ። ቅጹ ግን በሰባተኛው ቤት ላይ ብቻ 128 ሰዎችን ይጠይቃል፤ ግማሾቹም ሴቶች ናቸው። ለማንም አያደላም። እናት የሌለው ሰው የለምና ለእያንዳንዱ ስም ሁለት ሳጥን ከፍቶ ይጠብቃል።

አክስቴ ሦስተኛው ጣት ላይ ሲደርሱ የቅድመ አያታቸውን ስም ጠሩና በቀጥታ ወደ አባቱ አለፉ። ብዕሬ ባዶ ሳጥን ላይ ቆመ።

"እትዬ፣ የእሳቸው እናትስ?" አልኳቸው።

ዓይናቸውን ገለጡ። "የማን?"

"የቅድመ አያትዎ።"

"እሷ አትቆጠርም።"

"ለምን?"

ጀበናውን አነሡ፤ ገና እንዳልፈላ እያወቁ መልሰው ጣዱት። "የተገዛች ናት" አሉ። ከዚያ ወደ ጓዳ ተነሥተው ሄዱ።

ይህ ጽሑፍ ስለዚያች ሳጥን ነው። የሞቱ ሰዎች የደበቁትን መግለጥ መብቴ ነው ወይ? መብቴ ከሆነስ ግዴታዬም ነው ወይ? ጥያቄው የእኔ ቤት ብቻ አይመስለኝም። ይህን ከሚያነቡት መካከል ስንቶቻችሁ ቤት ሦስተኛው ወይም አራተኛው ጣት ላይ ድምፅ ዝቅ ይላል?

አሜሪካ ውስጥ የቤተሰብ ታሪክ መመሪያ ራሱን የቻለ የመጽሐፍ ዓይነት ነው። ሬም ኩልሃስ በነደፈውና በ2004 እ.ኤ.አ. በተከፈተው የሲያትል ማዕከላዊ ቤተ መጻሕፍት ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ለዚሁ የተመደቡ መደርደሪያዎች አሉ። የመጻሕፍቱ ምክር በአብዛኛው ተመሳሳይ ነው። ከራስህ ጀምር፤ ከምታውቀው ወደማታውቀው ሂድ፤ ሽማግሌዎችህን ሳያመልጡህ ጠይቅ፤ የሰማኸውን በሰነድ አመሳክር፤ እያንዳንዱን ነገር ከየት እንዳገኘኸው ጻፍ። ይህ ጥንቃቄ ያለ ምክንያት አልመጣም። አሌክስ ሄሊ በ1976 እ.ኤ.አ. "ሩትስ" የተባለውን መጽሐፉን ሲያወጣ ሚሊዮኖች የራሳቸውን ዘር ፍለጋ ተነሡ። በ1981 ደግሞ ኤልዛቤት ሾውን ሚልስና ባለቤቷ ጋሪ ሚልስ ሰነዶቹን መርምረው መጽሐፉ የሚተርከው የዘር ሐረግ ከመዝገቦቹ ጋር እንደማይገጥም አሳዩ። ይህችው ሴት በኋላ፣ በ2007፣ ስለ ምንጭ አጠቃቀስ የጻፈችው ወፍራም መጽሐፍ ዛሬ የዘርፉ ሰዎች ከጠረጴዛቸው የማይለዩት ነው። ትምህርቱ ግልጽ ነው፦ ለአያት ያለን ናፍቆት ማስረጃ አይሆንም።

መመሪያዎቹ ግን ለእኛ አልተጻፉም። የመጀመሪያው ምክራቸው "የቤተሰቡን ስም ተከተል" ነው። የእኛ ስም ከሦስት ትውልድ በኋላ ከወረቀት ይወጣል። የእኔ ሁለተኛ ስም የአባቴ ነው፤ የአባቴ ሁለተኛ ስም የአያቴ ነው፤ የአያቴ አባት ስም ደግሞ የእኔ ፓስፖርት ላይ የለም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ለእያንዳንዱ ኢትዮጵያዊ የቤተሰብ ስም እንዲኖረው ደንግጎ ነበር፤ ሕዝቡ ግን እንደ አባቶቹ መጠራቱን ቀጠለ። ሁለተኛው ምክራቸው "የልደት መዝገብ ፈልግ" ነው። በአገራችን የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የነበረው የክርስትና ካርድ፣ የማዘጋጃ ቤት ወረቀት፣ አለዚያም "የማይጨው ዘመቻ ጊዜ የተወለደ" የሚል የሽማግሌ ቃል ነው።

ይህ ማለት ግን መመሪያ አልነበረንም ማለት አይደለም። የእኛ መመሪያ ርስት ነበር። አለን ሆበን የተባለው አሜሪካዊ የማኅበረሰብ ተመራማሪ በጎጃም ኖሮ በ1973 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፣ አንድ ሰው መሬቱን መጀመሪያ ከያዘው አባት መወለዱን በአባቱም ሆነ በእናቱ በኩል ማስረዳት ከቻለ ድርሻ መጠየቅ ይችል ነበር። ስለዚህ ዘር ቆጠራ የጨዋታ ማድመቂያ ብቻ አልነበረም፤ ሙግት ነበር። ዐሥር ትውልድ የሚቆጥር ሰው እንደ ጥሩ ጠበቃ ይፈለግ ነበር። ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ የሚባለው ሺህ ዓመት የሚያስታውስ ሰው ሲገኝ ነው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ነው ተብሎ ታወጀ። ጭሰኛው ከገባር ሸክም ተላቀቀ፤ ጎጃም ውስጥ ግን ሌላም ነገር ሆነ፤ የዘር ቆጠራ ችሎት ተዘጋ። አክስቴ ለጥቅም ብለው መቁጠር ከተማሩት የመጨረሻዎቹ ናቸው። እናቴ ታናሽ ስለሆነች አራት ቤት ላይ ትቆማለች። እኔ ደግሞ ቅጽ እሞላለሁ።

ሙግት መሆኑን ከተረዳሁ በኋላ ባዶዋ ሳጥን ለምን ባዶ እንደሆነች ገባኝ። ሙግት የሚረዳውን ያስታውሳል፤ የማይረዳውን ይጥላል። በርስት ቆጠራ ውስጥ እናት የምትነሣው ከእናት ወገን የሚመጣ መሬት ስላለ ነው። የተገዛች ሴት ርስት አታመጣም። አባቱ ልጄ ብሎ ከተቀበለው ልጁ በአባቱ በኩል ይወርሳል፤ እናቱን መጥራት ግን ባላጋራ ችሎት ፊት የሚመዘው ሰይፍ ይሆናል። ስለዚህ ሳትጠራ ትታለፋለች። አንድ ትውልድ ዝም ይላል፤ ሁለተኛው ያንሾካሽካል፤ ሦስተኛው አያውቅም። ይህን የሚያደርግ ተራው ባላገር ብቻ አይደለም። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የንጉሡ ዘር ሳይቋረጥ ከሰሎሞንና ከንግሥተ ሳባ ልጅ ከቀዳማዊ ምኒልክ እንደሚወርድ በአንቀጽ ደንግጎ ነበር። የዘር ሐረግ በየትም ቦታ፣ ከላይም ከታችም፣ የሚጻፈው አንድ ነገር እንዲያስገኝ ነው።

ቋንቋችንም ተባብሮናል። "ጨዋ" ስንል ዛሬ ትሑት፣ ሥርዓት ያለው ሰው ማለታችን ነው። አያቶቻችን ግን ቃሉን ከባሪያ ያልተወለደ ለማለትም ይጠቀሙበት ነበር። ልጅን "ጨዋ ሁን" ብለን ስንመክር፣ ሳናውቀው፣ ከማን አለመወለድ እንዳለበትም እየነገርነው ነው።

አክስቴ ከዚያ ቀን በኋላ ለሁለት ሳምንት ስለ ጉዳዩ አላነሡም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ከዚያ አንድ ቅዳሜ ሽንኩርት እየከተፉ፣ ወደ እኔ ሳያዩ፣ ራሳቸው ጀመሩት። ከአባይ ማዶ የመጣች ልጅ ነበረች። ባሶ ገበያ ነው የተገዛችው። ባሶ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከአባይ ደቡብ የሚመጡ ነጋዴዎች ቡና፣ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስና ሰው ይዘው የሚወጡበት የታወቀ የጎጃም ገበያ ነበር። ወፍጮ ፈጨች፤ ውኃ ቀዳች፤ ለጌታው አንድ ወንድ ልጅ ወለደች። ልጁ አደገ፤ ርስት ወረሰ፤ አገባ። እሷ እስክትሞት ድረስ በልጇ ቤት ከምድጃው አጠገብ ትተኛ ነበር ይባላል።

"ማነው የሚለው?" አልኳቸው።

"አያቴ ናት የነገረችኝ። ለማንም እንዳትናገሪ ብላኝ።"

"ለእኔ ግን ነገሩኝ።"

"አንቺማ ጠየቅሽኛ" አሉ። "ሰባ ዓመት ሙሉ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።"

በዚያው ሳምንት ዘጠነኛው ፎቅ ላይ ከአንዲት ጥቁር አሜሪካዊት እናት ጋር አንድ ጠረጴዛ ደረሰን። እሳቸውም የእኛው ሰፈር ሰው ናቸው፤ ሬይንየር ሸለቆ ውስጥ ነው ያደጉት። ወላጆቻቸው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ከሉዊዚያና ተነሥተው የቦይንግ ፋብሪካን ሥራ ፍለጋ የመጡ ናቸው። የአባታቸውን አያት እስከ 1870 የሕዝብ ቆጠራ ድረስ አግኝተዋል። ከዚያ ወዲያ ግድግዳ ነው። በ1850 እና በ1860 በተደረጉት ቆጠራዎች ለባሮች የተለየ መዝገብ ነበር፤ እዚያ ላይ የተጻፈው የጌታው ስም ነው፤ ከሥሩ የባሪያዎቹ ዕድሜ፣ ጾታና የቆዳ መልክ ይደረደራል። በስም የተጻፉት ነጻ ከወጡ በኋላ፣ በ1870 ነው። እኚህ ሴት አንድ መስመር በጣታቸው አሳዩኝ፦ ሴት፣ ዕድሜ 22፣ ጥቁር። "ይህቺ ልትሆን ትችላለች" አሉኝ። "ላትሆንም ትችላለች። ስም የላትም።"

ስለ አክስቴ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰምተው ሲያበቁ "አክስትሽ ስሟን ያውቃሉ?" አሉኝ። ያውቃሉ ብዬ እንደማስብ ስነግራቸው ለረጅም ጊዜ አዩኝ። ቁጣ አልነበረም፤ ቁጣ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። እሳቸው አንድ ስም ፍለጋ ሃያ ዓመት ወረቀት ሲያገላብጡ ኖረዋል። እኛ ስሙን በአፋችን ይዘን እንዳይሰማ ጥርሳችንን ገጥመናል።

አሁን ጥያቄውን በቅንነት ልመልከተው። ዝም ማለትን የሚደግፍ ክርክር ደካማ አይደለም፤ እኔም ንቄ አላልፈውም።

የመጀመሪያው ክርክር ገመና ነው። በእኛ ባህል የቤትን ገመና መሸፈን ውሸት አይባልም፤ ደግነት ነው። ኖኅ ሰክሮ ዕርቃኑን በተገኘ ጊዜ የተመሰገኑት ፊታቸውን መልሰው የሸፈኑት ልጆቹ ናቸው። የአክስቴ አያት "ለማንም እንዳትናገሪ" ያለችው በክፋት አልነበረም፤ የልጅ ልጆቿን ከስድብ ለማዳን ነው። ሁለተኛው ክርክር ከዚህ ይከብዳል፤ ዋጋውን የምከፍለው እኔ አይደለሁም። ኦቴሎ ተቀምጬ "ቅም አያቴ ባሪያ ነበረች" ብል እዚህ የሚደርስብኝ ነገር የለም፤ እንዲያውም የምርምር ጽሑፌ ይደምቅልኛል። በዚያው መንደር የቀረው የአጎቴ ልጅ ግን ነገ ልጁን ሲድር ሽማግሌዎቹ "አጥንቱ ምንድን ነው?" ብለው ይጠይቃሉ። ባርነት በ1916 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ መላላት ጀምሮ በነሐሴ 1934 ዓ.ም. አዋጅ ፈጽሞ ቢሻርም፣ ስድቡን የሚሽር አዋጅ አልወጣም። መመሪያ መጻሕፍቱ በሕይወት ስላሉ ሰዎች ያለ ፈቃዳቸው አታትም ይላሉ፤ የሞቱት ግን ነጻ ናቸው ብለው ያስባሉ። እኛ ዘንድ ሙት ብቻውን አይሞትም፤ ስሙ በሕያዋን ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል።

ስለዚህ ዝምታውን የምቃወመው በቀላሉ አይደለም። ግን ሦስት ነገሮች አላስቀምጥ አሉኝ።

አንደኛ፣ እንድትደበቅ የጠየቀችው እሷ አይደለችም። ስለ ሙታን ምኞት ስንናገር የየትኞቹን ሙታን? የደበቋት ልጆቿና የልጅ ልጆቿ ናቸው። ገመናው የእሷ ቢሆን ኖሮ እሸፍነው ነበር። የኖኅ ልጆች የሸፈኑት አባታቸውን ነው፤ እኛ ግን የሸፈነው የገዛትን ሰው ነው። በቆጠራው ውስጥ እሱ በሙሉ ስሙ፣ በማዕረጉ፣ በፈረሱ ስም ሳይቀር ይጠራል። እፍረቱ ለገዥው መሆን ሲገባው በተገዛችው ላይ ተጭኖ ስድስት ትውልድ ተሻገረ።

እዚህ ላይ ለራሴም የማልወደው ነገር አለ። እኔ የእሷ ልጅ ብቻ አይደለሁም፤ የእሱም ነኝ። የጥቁር አሜሪካዊቷን ጎረቤቴን ኀዘን ተውሼ የተበዳይ ልጅ ብቻ ነኝ ብል ሌላ ውሸት ይሆናል። ቅጹ ላይ ሁለቱ ሳጥኖች ጎን ለጎን ናቸው፤ አንዱን ሞልቶ ሌላውን መተው አይቻልም።

ሁለተኛ፣ ዛሬ ዘር የምንቆጥረው ለርስት አይደለም። ቃሉ ራሱ ተለውጧል፤ "ዘር ቆጠራ" ሲባል አሁን የምንሰማው የብሔር ቆጠራ ነው፤ ማን ከየትኛው ወገን ንጹሕ እንደሆነ፣ ማን መጤ እንደሆነ። በዚህ ቆጠራ ሰው ተፈናቅሏል፤ ሰው ሞቷል። እንግዲህ ከአባይ ማዶ የመጣችው ያቺ ልጅ ቋንቋዋ ሌላ ነበር። እናቷ በሌላ ቋንቋ ነው እሹሩሩ ያለቻት። እሷን ከሐረጉ ስናወጣ የምናገኘው "ንጹሕ" የተባለው መስመር የተገኘው በመሰረዝ ነው። አንዲት እናትን የጣለ ቆጠራ በቀሩት ላይም እውነት አይናገርም።

ሦስተኛ፣ ደም ራሱ እንደምናስበው ዳኛ አይደለም። በ2008 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ መንግሥት ለቤተሰብ መቀላቀል ከሚያመለክቱ አፍሪካውያን ስደተኞች ላይ የዘረመል ምርመራ ሞከረ፤ መጀመሪያ ናይሮቢ፣ ቀጥሎም ኢትዮጵያን ጨምሮ በሌሎች አገሮች። ብዙ ቤተሰቦች በደም አልተረጋገጡም፤ አንዳንዶቹም ለምርመራው አልቀረቡም። ፕሮግራሙ በዚያው ዓመት ቆሞ በ2012 የዘረመል ማስረጃ ግዴታ ሆኖበት እንደገና ተጀመረ። ከእነዚያ መካከል ያታለሉ ነበሩ። ነገር ግን ጉዲፈቻን፣ የጡት ልጅን፣ ወላጆቹ ሞተውበት አጎቱ "ልጄ" ብሎ ያሳደገውን ልጅ የምናውቅ ሰዎች፣ ላብራቶሪው "ልጅህ አይደለም" ያለው ሁሉ ውሸታም እንዳልነበረ እናውቃለን። ደም ሳይኖር ልጅ ብሎ መቁጠር ይቻላል፤ ደም እያለም እናት አይደለችም ብሎ መተው ይቻላል። ቆጠራ ሁልጊዜ የሰው ውሳኔ ነው። ውሳኔ ከሆነ ደግሞ የወሰነው ሰው ተጠያቂ ነው፤ ተከትሎት የመጣውም እንደገና መወሰን ይችላል።

የምኖርበት ሰፈር ስም ሥራዬን ያስታውሰኛል። ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ የመለሱትን "ኦቴሎ"ን በዚህ ወቅት እንደገና አነበብኩት፤ እስከዚያ ቀን ያላየሁትን ነገር አየሁ። በመጀመሪያው ገቢር ኦቴሎ ስለ ዘሩ ሁለት ነገር ይናገራል። አንደኛው ከነገሥታት ወገን መወለዱን ነው፤ ይህን ግን እስካሁን ለሕዝብ እንዳልገለጠው፣ የሚገልጠውም ጉራ ክብር መሆኑን ሲያውቅ ብቻ እንደሆነ ይናገራል። ሁለተኛው በጠላት ተማርኮ ለባርነት መሸጡንና በኋላ ነጻ መውጣቱን ነው፤ ይህን ግን በሰው ቤት፣ በማዕድ ዙሪያ፣ ለሚሰማው ሁሉ ሲተርክ ኖሯል። ዴዝዴሞና የቤት ሥራዋን ቶሎ ቶሎ እየጨረሰች የምትሰማው፣ የምትወደውም ስለዚሁ ታሪክ ነው።

እኛ ተቃራኒውን ነው የምናደርገው። ንጉሡን እናውጃለን፤ ባርነቱን እንቀብራለን። ዲሲም ሆነ ሲያትል በሰርግ ማግሥት ከራስ እገሌ፣ ከደጃዝማች እገሌ የማይወለድ ሰው ማግኘት ያስቸግራል። እነዚያ ራሶችና ደጃዝማቾች ቤት ወፍጮ የፈጩት ሴቶች ግን ልጅ ሳይወልዱ ያለፉ ይመስላል።

ተውኔቱ የዋህ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ታሪኩን መናገሩ ኦቴሎን አላዳነውም፤ የወደደችውን ሴት በእጁ ገደለ። ግን ሊሞት ሲል የሚጠይቀው አንድ ነገር ልቤ ውስጥ ቀርቷል። ስለ እሱ ሲጽፉ የሆነውን እንዳለ እንዲጽፉ፣ እንዳያለሳልሱለት፣ በክፋትም እንዳያከብዱበት ይለምናል። ዘጠነኛው ፎቅ ላይ ካሉት መመሪያዎች ሁሉ ከዚህ የተሻለ ምክር አላገኘሁም።

ስለዚህ ወደ አክስቴ ተመለስኩና የማስበውን ነገርኳቸው። ጎጃም ላለው ወንድማቸው እንደውልና ፈቃዱን እንጠይቅ አሉ። ደወልን። አጎቴ ረጅም ጊዜ ዝም አለ፤ ከዚያ "እናንተ እዚያ ናችሁ፤ እኔ እዚህ ነኝ" አለ። ሌላ አልጨመረም። ትክክል ነው። ይህን ጽሑፍ ያለ መንደር ስም፣ ያለ ሰው ስም የጻፍኩት ለእሱ ቃል ስል ነው። ጥያቄውን ማንሣት የእኔ ነው፤ የእሱን በር ማንኳኳት ግን የእኔ አይደለም። እሱ ልጁን የሚድርበት ቀን ሲያልፍ፣ ወይም ሽማግሌዎቹ መጠየቅ ሲተዉ፣ ስሙን ራሱ ይጻፈው።

ቅጹን ግን መሙላት ነበረብን። ቅጹ የቤት ነው፤ ከመሳቢያ አይወጣም። ብዕሬን አዘጋጅቼ "ስሟ ማን ነበር?" አልኳቸው።

አክስቴ ነገሩኝ። የሚያምር የክርስትና ስም ነው። ልጽፈው ስል እጄን ያዙኝ።

"ይሄ እነሱ ያወጡላት ነው" አሉ። "ሲያስጠምቋት። እናቷ ያወጣችላትን የጠየቃት የለም።"

ቁጭ ብለን ሳጥኗን አየናት። ጎረቤቴ ስም ፍለጋ ሲያገላብጡት የኖሩት መዝገብ ትዝ አለኝ፤ ሴት፣ ዕድሜ 22። እኛ ስሙን ይዘናል ብዬ ስኩራራ የያዝነው የገዥውን ስያሜ ነበር።

"ሁለት መስመር አድርጊላት" አሉ በመጨረሻ። "በአንዱ ይሄን ጻፊ። ሁለተኛውን እንዲሁ ተዪው፤ ሰው ሲያየው ይጠይቅ።"

የእህቴ ልጅ ሦስት ትውልድ የሚይዘውን ወረቀቷን ሞልታ ትምህርት ቤት ወሰደች፤ እዚያ ድረስ አይደርስም ነበር። ትልቁ ቅጽ ከአክስቴ የክርስትና ካርድና ከዜግነት ወረቀታቸው ጋር በአንድ ፖስታ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል። ባለፈው እሑድ ልጅቷ አወጣችውና በጣቷ እየተከተለች ስታነብ ያቺው ሳጥን ላይ ቆመች። "እዚህ ላይ ለምን ሳይሞላ ቀረ?" አለች፤ በእንግሊዝኛ።

አክስቴ ወደ እኔ አላዩም። ጀበናውን ከእሳት አወረዱ፤ ልጅቷን አጠገባቸው አስቀመጡና በአማርኛ መናገር ጀመሩ።